ከብቶቹ የገቡበት ተራ

ያክ ጋትዌችን በሩቁ የሚያውቁት ሰዎች ዝምተኛ ነው ይሉታል። የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ሲያስተምር አላዩትማ! ጋምቤላ ከተማ ካሉት ኮሌጆች በአንዱ መምህር ነው። ክፍሉ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ከሁለቱ ማራገቢያዎች የሚሽከረከረው አንዱ ብቻ ሲሆን እሱም እንደ ስሜቱ ነው። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲከር ተማሪዎቹ ደብተራቸውን እያርገበገቡ ዓይናቸው ይከደናል። ያን ጊዜ ያክ ቀልድ ይጀምራል። መቆሚያ የሌለው ሉፕ፣ ማለትም ራሱን የሚደጋግም ትእዛዝ፣ የጻፈ ተማሪ ባሮን በማንኪያ ቀድቶ ሊጨርስ የተነሣ ሰው ነው ይላቸውና ክፍሉ በሳቅ ይነቃል። ደወል ሲደወል ግን ቀልዱን እዚያው ትቶት ይወጣል።

ቁመቱ የበር ጉበን የሚነካ፣ ግንባሩ ልሙጥ ሰው ነው። ግንባሩን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ማታር ከምትባለው ከተማ አጠገብ ባለችው መንደር ከእሱ ጋር ጥጃ ሲጠብቁ ያደጉት ልጆች፣ ጎረምሳ ሲሆኑ በኑዌር አባቶች ወግ ግንባራቸው ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ በስለት መስመር ተሰምሮላቸዋል። ወንድ ሆናችሁ ተብለው በሬ ተሰጥቷቸዋል፤ በበሬያቸውም ስም ይጠራሉ። ያክ ያን ጊዜ ከተማ ውስጥ ዘመድ ቤት ተቀምጦ የስምንተኛ ክፍል ፈተና እያጠና ነበር። ማንም አልከለከለውም፣ ማንም ደግሞ ና ብሎ አልጠራውም። በሬ የሌለው፣ የበሬ ስምም የሌለው ሰው ሆኖ አደገ። አሁን ወደ ማታር ሲሄድ አብሮ አደጎቹ በአክብሮት «መምህር» ይሉታል። ይህች አክብሮት ከስድብ የባሰ ታመዋለች።

አባቱ ጋትዌች የሞተው ባለፈው ክረምት ነው። ከእሱ በፊት ከብቶቹ አለቁ። ውሃው ከወንዙ ወጥቶ ግጦሹን ሁሉ ዋጠው፤ ከውሃው የተረፉትን በሽታ ፈጃቸው። ሽማግሌው ባዶውን በረት ከአንድ ዓመት በላይ እያየ ቆየና እሱም ተከተላቸው። የጤና ጣቢያው ሰዎች የሳንባ ምች ነው ብለው ነበር። ዘመዶቹ ግን ምን እንደገደለው የሚነግራቸው አላስፈለጋቸውም። ያክ እናቱን ኛኪየርን በመኪና አምጥቶ ኒውላንድ ሠፈር በተከራየው ቤት አኖራት።

ኛኪየር ከተማውን አልጠላችም፤ አልለመደችውም እንጂ። ቀን ቀን ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ቁርበቷን አንጥፋ ማሽላ ትለቅማለች። የላስቲክ ወተት ሲመጣላት ታሸትተውና ይህ የማን ላም ነው ብላ ትጠይቃለች። የሚመልስላት ስለማይገኝ ሳትጠጣው ታስቀምጠዋለች። ከሁሉ የሚከፋው ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ስትል ነው። ያን ሰዓት ኛኪየርን ቁርበቱ ላይ የሚያስቀምጣት ነገር የለም። ትነሣና እስከ አጥሩ በር ትሄዳለች፤ ባጃጅ የሚተራመስበትን መንገድ ወዲያና ወዲህ ታያለች፤ ከዚያ የሄደችበትን የረሳች ሰው ሆና ትመለሳለች።  ገና የመጣች ሰሞን ያክ እራት ላይ ስለ ከብቶቹ አንድ ነገር ቢያነሣባት፣ የያዘችውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መልሳ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት የከብት ስም አይነሣም።

በጥር መጨረሻ አጎቱ ጆን፣ የአባቱ ታናሽ ወንድም፣ ከማታር ደወለ። ዝናብ ሳይመጣ፣ መንገዱም ሳይዘጋ፣ ዘመድ ተሰብስቦ የጋትዌችን ኀዘን ሊያበቃ ነው። ያክ የበኩር ልጅ ነውና በዕለቱ የአባቱን የማታ ዘፈን እንዲዘፍን ይጠበቃል። እንዲህ ያለ ደንብ በየቤቱ አለ ለማለት አልደፍርም፤ በነጋትዌች ቤት ግን እንዲህ ተወሰነ። ጆን ክፉ ሰው አይደለም። እንዲያውም ሊያቀልለት ብሎ፣ አንተ በመጽሐፍ ያደግህ ነህ፣ የማታውቀው ከሆነ ነውር የለውም፣ እኔ እዘፍነዋለሁ አለው። ያክን የወጋችው ይህች «ነውር የለውም» የምትል ቃል ናት። አውቀዋለሁ ብሎ ስልኩን ዘጋ። ዘግቶም ስልኩን በእጁ እንደያዘ ብዙ ቆመ፤ ምክንያቱም ያውቀዋል እንዳይባል አያውቀውም፣ አያውቀውም እንዳይባል ያውቀዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋትዌች ማታ ማታ ከብቶቹ ሲመለሱ በረቱ በር ላይ በዘንጉ ተደግፎ ይቆምና ይዘፍን ነበር። ዘፈኑ የላሞች ዘፈን ነው። እያንዳንዷ ላም የራሷ ስንኝ አላት፤ ከእሷ ቀጥሎ ጥጆቿ የየራሳቸው አላቸው። ኑዌርኛ ለከብት መልክ የሚሆን ቃል አያጣም፤ አማርኛችን ዳለቻ፣ ቡሬ፣ ቦቃ ብሎ ሲጨርስ እሱ ገና መጀመሩ ነው። ቢሆንም ባለን ቃል እንሞክረው። ዝናብ ያረገዘ ደመና የለበሰችው ዳለቻ ነበረች። ጎኗ ላይ የአሞራ ክንፍ ያረፈባት ቡሬ ነበረች። ቀንዶቿ ምስጢር ሊነጋገሩ የተጠጋጉ ነበረች። ቀንድ የሌላት፣ ነገር ግን ባለ ቀንዶቹ ሁሉ መንገድ የሚለቁላት ነበረች። እነሱን ተከትሎ ወተት ጠጥቶ የማያመሰግነው ጥጃ ይመጣል፣ በእናቱ ጥላ ብቻ የሚሄደው ፈሪው ይመጣል።

ያክ እነዚህን ስንኞች አንድ ሳይቀር ያስታውሳል። ትንሽ ልጅ ሳለ ሥራው ጥጃ ማሰር ነበር፤ አባቱ ሲጠራቸው እሱ ከሥር ከሥር እየሮጠ ከየካስማቸው ያስራቸዋል። የእበት ጭሱ ዓይኑን ሲያቃጥለው፣ ገመዱ መዳፉን ሲሸረክተው፣ የአባቱ ድምፅ ከራሱ በላይ ሲያልፍ፣ ሁሉም አሁንም አለ። ከፍ ብሎ ለዕረፍት ሲሄድም ሰምቶታል። ያን ጊዜ አባቱ እያረጀ እንደሆነ አንድ ነገር አስተውሎ ነበር። የመጨረሻዋ ጥጃ ከገባች በኋላ ሽማግሌው አፉን እንደከፈተ ይቆማል፣ ሊል የፈለገው የጠፋበት ይመስላል፣ ከዚያ ወደ ያክ ዞር ብሎ ፈገግ ይልና የበረቱን መዝጊያ እንጨት ያስገባል። ያክ እርጅና ነው ብሎ በሆዱ አዝኖለት ነበር።

እንግዲህ ስንኞቹ አሉ፤ የጠፋው ተራቸው ነው። ማን ትቀድማለች? ከዳለቻዋ ቀጥሎ ቡሬዋ ናት ወይስ ባለ ምስጢር ቀንዷ? ሰኞ በአንድ መልክ ይዘፍነውና ልክ ነው ይላል። ማክሰኞ ያው ተራ እንግዳ ይሆንበታል። ቤተ ክርስቲያን የለመደው መዝሙር መጀመሪያና መጨረሻ አለው፤ የአባቱም ዘፈን እንደዚያ አንድ ትክክለኛ ተራ ሊኖረው ይገባል ብሎ አመነ። እናቱን መጠየቅ አሰበና ያን እራት አስታወሰ፤ ተወው። ዘመድ ፊት ቆሞ ቢሳሳት ደግሞ ማንም አይቆጣውም። «መምህር ነው፣ ምን ያድርግ» ይሉለታል። ከዚህ ይልቅ ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

ስለዚህ እጁ ወደለመደው ሄደ። ላፕቶፑን ከፈተና ላሞቹንና ጥጆቹን ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ በአንድ ዝርዝር ደረደራቸው፤ ሊደረደሩ የሚችሉበትን ተራ ሁሉ አውጣልኝ ብሎ ፕሮግራም ጻፈ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ማሽኑ ሁሉንም ያወጣል፣ እሱ እያነበበ ይሰማል፣ ትክክለኛው ሲመጣ ጆሮው ይነግረዋል።

መጀመሪያ ስህተቱን ያየችበት ሊድያ ናት። ሊድያ አጠገቡ ባለው ክፍል የምታስተምር ባልደረባው ስትሆን፣ ወላጆቿ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ መጥተው በሠፈራ መንደር ያረፉ፣ እስከ ዛሬም የሚያርሱ ገበሬዎች ናቸው። በሻይ ሰዓት ከትከሻው በላይ ስክሪኑን አየችና ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ነገራት። ጥቂት መስመር አነበበችና ጣቷን አንዱ ላይ አሳረፈች።

«ይህቺ ጥጃ የማን ናት?» አለችው።

የዳለቻዋ እንደሆነች ነገራት።

«ታዲያ ከቡሬዋ ኋላ ምን ትሠራለች? ቡሬዋ ትረግጣታለች እኮ። ጥጃ ከእናቱ ውጭ ይገባል እንዴ?»

ያክ ግንባሩን በመዳፉ መታ። ጥጃ አሳሪ የነበረ ሰው! ቸኩሎ ላሞቹንም ጥጆቹንም አንድ ላይ ቀላቅሎ ደርድሯቸው ኖሮ፣ ማሽኑ ደግሞ የታዘዘውን አድርጎ ጥጆቹን ከማንም ላም ኋላ በትኗቸዋል። ሊድያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እያንዳንዷን ላም ከነጥጆቿ በአንድ ትንሽ ዝርዝር አስገቧት፣ ትንንሾቹን ዝርዝሮች በትልቁ ውስጥ አስቀመጡ። ቀጥሎ ሥራው በሁለት ደረጃ ሆነ። በውጭ ቤተሰቦቹ እርስ በርስ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ በውስጥ ደግሞ እናቲቱ እንደቀደመች ሁለት ጥጆች ካሏት ሁለቱ ይለዋወጣሉ። ፕሮግራሙ አንዷን ከፊት ያስቀምጥና የቀሩትን በዚያው መንገድ ደርድር ብሎ ራሱን መልሶ ይጠራል፤ የቀሩት እስኪያልቁ ድረስ እንዲሁ ይቀጥላል። አሁን ጥጃ ከእናቱ የሚለይበት ተራ አልነበረም።

ቁጥሩ ግን ጉድ ነው። ሦስት ላሞች በስድስት ዓይነት ተራ ይገባሉ፣ አራት ሲሆኑ በሃያ አራት። የጋትዌች ላሞች ዘጠኝ ነበሩ፤ ከዘጠኙ ሦስቱ ሁለት ሁለት ጥጃ ነበራቸው። ሁሉ ሲደመር ሦስት ሚሊዮን ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ማሽኑ ይህን አውጥቶ ሲጨርስ የያክ ሻይ ገና አልቀዘቀዘም ነበር፤ ቁጭ ብሎ ለሚያነብ ሰው ግን ዕድሜም አይበቃው። ሊድያ ስክሪኑን እያየች፣ ከዚህ ሁሉ እናትህን አትጠይቃትም አለችው። ያክ አይሆንም አለ፤ እሷም አልደገመችውም።

ማንበብ ጀመረ። ከሥራ ሲመለስ ጫማውን አውልቆ ከኒሙ ሥር ይቀመጣል፤ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ ያደርግና ተራዎቹን አለፍ አለፍ እያለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በዜማው ይላቸዋል። እናቱ ሥራ መስሏት ትተወዋለች ብሎ ነበር፤ ምን ዓይነት ሥራ እንደሚመስላት እሱ ይወቅ። አንዳንዱ ተራ ልቡን ያስደነግጠዋል። ይኸው፣ ይህ ነው ብሎ ምልክት ያደርግበታል፤ በማግሥቱ ሲመለስበት ቃል ብቻ ሆኖ ያገኘዋል። የሚፈልገው ተራውን ብቻ አልነበረም። ተራው ከተገኘ ያ ማታ ራሱ የሚመጣ ይመስለው ነበር፤ ጭሱ፣ ገመዱ፣ ከራሱ በላይ የሚያልፈው ድምፅ። እዚያ ዘጠኝ ላም ሲገባ እሱም የሚገባበት ቦታ ነበረው። አሁን በከተማው ቤት አለው፣ ደመወዝ አለው፣ ስሙ በክፍሉ በር ላይ ተለጥፏል፤ ማታ ሲሆን ግን የት መግባት እንዳለበት የማያውቅ ሰው ነው። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ቢናገርም ለማን ይናገራል።

ኛኪየር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማሽላዋን እየለቀመች ጀርባዋን ሰጥታው ነበር። ቀጥሎ ፊቷን አዞረች። ሌላ ቀን ቁርበቷን ወደ እሱ ጠጋ አደረገች፤ ጥላው ዞረብኝ አለች እንጂ ጥላውስ የነበረበት ነው። አንድ ዓርብ ፀሐይ ልትገባ ጥቂት ሲቀራት ያክ አዲስ ተራ ጀመረ። ቀንድ የሌላት ላም ከፊት ነበረች። ስንኟን ብሎ ወደ ጥጃዋ ሊያልፍ ሲል የእናቱ እጅ ማሽላው ውስጥ ቆመ።

«ቀንድ የሌላት ቀድማ የገባችው አንድ ቀን ነው» አለች። «ጅብ ያባረራት ማታ።»

ያክ ማንበቡን ተወ። ከመጣች ጀምሮ ከአፏ የወጣ የመጀመሪያ የከብት ወሬ ነው። ዘፈኑን እየፈለገ መሆኑን፣ ለማታር እንደሚያስፈልገው፣ ስንኞቹን እንደሚያውቃቸው፣ የጠፋበት ተራው ብቻ እንደሆነ ተንተባትቦ ነገራት። ስክሪኑንም ወደ እሷ አዞረው፤ ፊደል እንደማትቆጥር እያወቀ። ኛኪየር መስመሩ ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ አላልቅ ሲል ተመለከተች።

«የቱን ማታ ነው የምትፈልገው?» አለችው።

«የምን ማታ?»

«አባትህ እኮ የገባችውን ነበር የሚጠራው። ዳለቻዋ ከቀደመች ዳለቻዋን፣ ቡሬዋ ከቀደመች ቡሬዋን። ተራው የከብቶቹ ነው፤ እሱ በሩ ላይ ቆሞ ያያል፣ ያየውን ይላል። አንድ ቀን ከሌላው ቀን ገጥሞ አያውቅም።»

 ያክ ሁልጊዜ ጎንበስ ብሎ ጥጃ ሲያስር በሩን ቀና ብሎ አይቶት አያውቅም ኖሯል። ከላይ የሚመጣውን ድምፅ ሰማ እንጂ ድምፁ ማንን እየተከተለ እንደሆነ አላየም፤ ለዕረፍት ሲሄድም ዓይኑ አባቱ ላይ እንጂ ከብቶቹ ላይ አልነበረም። ያ ሁሉ ሚሊዮን ተራ ስህተት አልነበረም ማለት ነው፤ እያንዳንዱ አንድ ማታ ነበር። የአባቱ ዕድሜ የቱንም ያህል ቢረዝም የማያዳርሰው ማታ። ሳቁ መጣበት፣ እሷም ሳቀች፤ ጥርሷ ከታየ ስንት ጊዜው። ሳቃቸው ሲያልቅ ግን ያክን አንድ ፍርሃት ያዘው። የሚይዘው ነገር ያጣ መሰለው።

«ታዲያ በዚያ ዘፈን የማይለወጥ ነገር አልነበረም?»

 ኛኪየር ማሽላውን ከጭኗ ላይ አራገፈች፣ አጥሩን አየች።

«አለ» አለች። «መጨረሻው አይለወጥም። መጨረሻ ላይ ያልገባው ይጠራል። ላም ጠፍታ ከቀረች እስክትመለስ ድረስ ማታ ማታ በመጨረሻ ስሟን ይላል። ጥጃም ቢሆን። አንተ ወደ ትምህርት ቤት ከሄድክ ጀምሮ መጨረሻው አንተ ነበርክ።»

«እኔ?» አለ ያክ። «እኔ እኮ ለዕረፍት ስመጣ ሰምቼዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ ስሜን አላለም።»

«ስትመጣማ ገብተሃል። የገባ ምን ብሎ ይጠራል?»

ያን ጊዜ ያክ አባቱን አየው። የመጨረሻዋ ጥጃ ገብታ፣ አፉን እንደከፈተ ቆሞ፣ ወደ እሱ ዞር ብሎ ፈገግ ሲል አየው። እርጅና አልነበረም። ዓመቱን ሙሉ የሚጠራውን ስም፣ ባለቤቱ ፊቱ ስለቆመ፣ አፉ ላይ እያስቀረው ነበር። ይህን ስንኝ መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከዓለም ላይ ሊሰማው ያልቻለ አንድ ሰው ቢኖር ያክ ነው።

እናቱ ሳይጠይቃት ዘፈነችው። ድምፅዋ ሻክሯል፣ ግን ዜማው የአባቱ ነው። «ጥጃ አሳሪዬ አልገባም፤ መንገዱ ረጅም ነው፤ በሩ ገና አልተዘጋም» ይላል። ከዚያ ስሙ ይመጣል። ያክ ስሙን ሲሰማ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሲጠራ የኖረውን በአንድ ትንፋሽ ሰማው።

«ከብቶቹ ካለቁ በኋላስ?» አለ። «ከዚያ በኋላ ተወው?»

«አልተወውም። ማታ ሲሆን ተነሥቶ በሩ ላይ ይቆም ነበር። ዘፈኑ አጠረ እንጂ።» ኛኪየር ቁርበቷን በእጇ ዳሰሰችው። «አንተ ብቻ ቀረህ።»

ያክ አለቀሰ። ጎረቤት ይሰማል አላለም፣ መምህር ነኝ አላለም። ላፕቶፑ ጭኑ ላይ ያንን ሁሉ ሚሊዮን ተራ እንደያዘ ስክሪኑ ጠፋ። በዚያ ሁሉ ተራ ውስጥ የያክ ስም አንድም ቦታ አልነበረም። ሊኖርም አይችልም፤ ማሽን የሰጡትን ያገላብጣል እንጂ ያልሰጡትን አይጨምርም። ይህን በየዓመቱ ለአዳዲስ ተማሪዎቹ በመጀመሪያው ሳምንት ይነግራቸዋል። ኛኪየር እንዳለቀሰ ተወችው። ያን ቀን ወደ አጥሩ በርም አልሄደችም።

ወደ ማታር የሄዱት መንገዱ ገና ደረቅ ሳለ ነው። አቧራው መኪናውን ሞልቶት ነበር፤ እናትና ልጅ ሌሎቹ ተሳፋሪዎች እስኪሰለቹ ድረስ ያወሩት ስለ ከብት ብቻ ነው። ያክ የሚፈልገውን ማታ መርጧል፤ ከቤት የወጣበትን ዕለት ማታ። ኛኪየር ያን ማታ ከብቶቹ የገቡበትን ተራ ታስታውሰዋለች። ለምን እንደምታስታውሰው አልጠየቃትም። በዚያን ጊዜ የነበሩት ላሞች የኋለኞቹ አያቶች ናቸው፤ ያክ የሁለቱን ስንኝ አቀላቅሎ ይዞ ነበርና የአያቶቹን ለይቶ ከእናቱ አፍ ተማረ። በያዙት ወንበር ላይ ጉልበቱን እየመታ፣ እሷ እያረመችው፣ በመንገድ ያለችውን ኢታንግን አለፉ።

ዘመድ ተሰብስቦ ጠበቃቸው። ጆን የወንድሙን ልጅ አቅፎ ብዙ አቆየውና፣ ከከበደህ አሁንም እኔ አለሁ አለው። ያክ አመስግኖ እዘፍናለሁ አለ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የአባቱን ዘንግ ይዞ በባዶው በረት በር ላይ ቆመ። ከበሩ ወዲያ ውሃ ያጠበው ሜዳ ብቻ ነበር። ጀመረ። መጀመሪያ ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ ሦስተኛዋ ላም ላይ ተስተካከለ። ዓይኑን ሜዳው ላይ አድርጎ፣ አንዷን ከነጥጆቿ እስኪያስገባ ሌላዋን ሳይጠራ፣ ሳይቸኩል ዘፈነ። አዛውንቶቹ ላሞቹን ሲያውቋቸው አንገታቸውን ነቀነቁ፤ አንዲትን ሴት ዳለቻዋ ስትገባ ዕንባ ቀደማት።

የመጨረሻዋ ጥጃ ገባች። ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉም ያውቀዋል። ግን ያ ስም አሁን አይጠራም፤ ባለስሙ ገብቶ በሩ ላይ ቆሟል። ያክም አፉን እንደከፈተ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ያልገባውን ጠራ።

«ላም ጠሪዬ አልገባም፤ መንገዱ ረጅም ነው፤ በሩ ገና አልተዘጋም» አለና የአባቱን ስም ጨመረ። ጋትዌች።

ሜዳው ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም። ሰው ሁሉ ግን ወደዚያው አየ። ጆን ዓይኑን በክንዱ ጠረገና እንደ ደንቡ የበረቱን መዝጊያ እንጨት ሊያነሣ ጎንበስ አለ። ኛኪየር ክንዱን ያዘችው።

«ተወው» አለችው። «ገና ነው።»

ጆን እንጨቱን መልሶ አስቀመጠው፤ ሴቶቹም ምግብ ሊያቀርቡ ተነሡ።